ከ1870 በፊት የነበሩ ስሞች፦ የጥቁር አሜሪካውያን የዘር ሐረግ በቆጠራና በሞት መዝገብ

በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብም ሆነ የሞት የምስክር ወረቀት የተዘጋጁት ለቤተሰብ ታሪክ ተብሎ አልነበረም፤ ቆጠራው በሕገ መንግሥቱ መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችን ለክፍላተ ግዛት ለመደልደል፣ የሞት ምዝገባውም በዋነኛነት የበሽታን ሥርጭት ለመከታተል የተቋቋሙ ናቸው። ሆኖም ቀደምቶቻቸው በባርነት የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን የዘር ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ከእነዚህ ሁለት መዛግብት የተሻለ መነሻ እምብዛም አያገኙም፤ ይልቁንም ዘግይቶ የመጣው የሞት ወረቀት፣ ቀድሞት የተካሄደው ቆጠራ ስማቸውን ያለፋቸውን ሰዎች በስም የሚጠራበት ጊዜ አለ።

ከመጀመሪያው ቆጠራ ከ1790 እስከ 1840 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስም የሚመዘገበው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ብቻ ሲሆን፣ የተቀረው ቤተሰብ በቁጥር ይጠቃለል ነበር። በ1850 እያንዳንዱ ነጻ ሰው ከነስሙ፣ ከነዕድሜውና ከነትውልድ ቦታው እንዲመዘገብ ሲወሰን፣ ባሮች ግን ለብቻው በተዘጋጀ ቅጽ ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በረቂቁ የእነርሱም ስም እንዲጻፍ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ በሴኔት ሲመከርበት ከደቡብ ክፍላተ ግዛት የመጡ እንደራሴዎች ተቃወሙትና ሐሳቡ ተጣለ። በመሆኑም ቅጹ የባለንብረቱን ስም አስቀድሞ፣ ከሥሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ሰጥቶ፣ በዋናነት ዕድሜውን፣ ጾታውንና ጥቁር ወይም ክልስ መሆኑን ይገልጻል። የ24 ዓመት ሴት በተጻፈችበት መስመር ሥር የ3 ዓመት ወንድ ልጅ ቢገኝ፣ እናትና ልጅ ይሁኑ አይሁኑ የሚያስረዳ አንድም ቃል የለም። በ1860 በዚህ ዓይነት የተቆጠሩት 3,953,760 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከጥቂት አውራጃዎች በቀር ስማቸው አልተጻፈም፤ ይህም በቸልተኝነት የደረሰ ጉድለት ሳይሆን ተመክሮበት የተደረገ ነው።

ከዚሁ ቆጠራ ጋር አብሮ የሚሞላ ሌላ ቅጽ ነበር፤ ይህም ከቆጠራው በፊት በነበሩት አሥራ ሁለት ወራት የሞቱት ሰዎች የሚመዘገቡበት የሟቾች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ወር፣ የገደለውን በሽታና የታመመበትን ጊዜ ርዝመት ስለሚጠይቅ፣ ቆጣሪዎች በየቦታው የሞቱ ባሮችን በመጠሪያ ስማቸው አስፍረዋል። በሕይወት ሳለ በዕድሜና በጾታ ብቻ የሚታወቅ ሰው ስሙ በመንግሥት መዝገብ የሚጻፈው በሞቱ ምክንያት መሆኑ፣ የባርነት ሥርዓት ሰውን ምን ያህል ከሰውነት ተራ እንዳወጣው ያሳያል።

ነጻ የወጡት ሁሉ ከነሙሉ ስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው፤ የዘር ሐረግ ተመራማሪዎችም ከዚህ ዓመት ወዲያ ማለፍ ስለሚቸግራቸው የ1870 ግንብ ይሉታል። ያም ቆጠራ ቢሆን በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና አይናገርም፤ ይህ የተጨመረው በ1880 ነው። የ1890 መዝገብ ደግሞ በጥር 1921 ዋሽንግተን በሚገኘው የንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ በተነሣ እሳት ክፉኛ ተጎድቶ አብዛኛው ስለጠፋ፣ በ1880 በወላጆቹ ቤት የተቆጠረ ሕፃን በ1900 የራሱን ጎጆ ቀልሶ ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

የሞት ወረቀት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ምዝገባው የክፍላተ ግዛት ሥልጣን በመሆኑ በአንድ ጊዜ አልተጀመረም፤ ማሳቹሴትስ በ1841፣ ሚዙሪ በ1910 የጀመሩ ሲሆን፣ አገሪቱ በሙሉ በፌዴራሉ መንግሥት የሞት ምዝገባ ሥርዓት የተጠቃለለችው በ1933 ነው። በባርነት ዘመን የተወለዱ ብዙ አረጋውያን በሕይወት ቆይተው ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ ስለሞቱ፣ ወረቀታቸው የአባታቸውንና የእናታቸውን ስም፣ የሁለቱንም የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። ያገባች ሴት በባሏ የቤተሰብ ስም በምትጠራበት አገር የእናት የቀድሞ ስም መጻፉ፣ የሚፈለገውን ቤተሰብ በእጥፍ ያሰፋዋል።

ይሁንና በአንዱ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሁሉ እኩል አይታመንም። የሞቱን ቀንና ምክንያት የሚጽፈው ሐኪሙ ሲሆን፣ የወላጆቹን ስም የሚያስመዘግበው ቃል ሰጪ የሚባለው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ፣ አንዳንዴም ጎረቤት ነው። ሟቹ ከመወለዱ በፊት የነበረውን ነገር ቃል ሰጪው የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው፤ በአባት ስም ቦታ «አይታወቅም» የሚል የተጻፈባቸው ወረቀቶችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ አስተዋይ ተመራማሪ አስቀድሞ የሚያነበው ከግርጌ ያለውን የቃል ሰጪውን ስም ነው።

ከወረቀቱ የእናት ስምና የትውልድ አውራጃ ከተገኘ፣ ፍለጋው በዚያው አውራጃ ወደ 1870 ቆጠራ፣ ከዚያም በአቅራቢያው ይኖሩ ወደነበሩት የቀድሞ ባሪያ አሳዳሪዎች ይዞራል። ነጻ የወጡት ሁሉ የመጨረሻ ጌታቸውን የቤተሰብ ስም አልያዙምና በስም መመሳሰል ብቻ መደምደም ያሳስታል። ጌታው ሲሞት ፍርድ ቤት ለውርስ ያስጻፈው የንብረት ዝርዝር ግን ባሮቹን ከበቅሎና ከማረሻ ጋር በአንድ ገጽ፣ በስማቸውና በዶላር ግምታቸው ይዘረዝራል፤ እናትንና ጡት ያልጣለ ሕፃኗን በአንድ ዋጋ የሚገምትበትም ጊዜ ስላለ፣ በ1860 ቅጽ ላይ ዝምድናቸው ያልተገለጸው ሴትና ልጅ እናትና ልጅ መሆናቸው የሚረጋገጠው ከዚህ ዝርዝር ነው።