ቆዳን መጠየቅ፦ የልጥፍ ምርመራ አጀማመርና ትምህርቱ

የቆዳ ብግነት ለያዘው ሕመምተኛ ቅባት ማዘዝ ቀላል ነው፤ ብግነቱን ያመጣውን ንጥረ ነገር ለይቶ ማወቅ ግን ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ሲሚንቶ የሚያቦካ ግንበኛም ሆነ ፀጉሯን ቀለም የተቀባች ሴት የሚታይባቸው ማሳከክ፣ እብጠትና ውሃ መቋጠር ተመሳሳይ ነው። መንስኤው ሳይታወቅ ከቀረ ሕመሙ እየተመላለሰ ይቆያል፤ ሠራተኛውንም ከእንጀራው እስከ መለየት ሊደርስ ይችላል።

ለዚህ ችግር መላ ያገኙት በብሬስላው፣ በዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮጽዋፍ፣ ይሠሩ የነበሩት የቆዳ ሐኪም ዮዜፍ ያዳሶን ናቸው። በዘመኑ ሜርኩሪ ለቂጥኝ ሕክምና በሰፊው ይሰጥ ነበር። ያዳሶን በሜርኩሪ ታክመው ቆዳቸው የተቆጣ ሕመምተኞችን አይተው፣ ሜርኩሪ ያለበትን ፕላስተር በቆዳ ላይ ለጥፈው ውጤቱን ተጠባበቁ። ፕላስተሩ ባረፈበት ቦታ ያው ብግነት ተነሣ። ግኝታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1895 በግራዝ በተደረገው የጀርመን የቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ አቀረቡ። ክሌመንስ ፎን ፒርኬ «አለርጂ» የሚለውን ቃል የፈጠሩት በ1906 ስለሆነ፣ ምርመራው ከስሙ በ11 ዓመት ቀድሟል ማለት ነው።

በስዊዘርላንድ ብሩኖ ብሎህ ዘዴውን አዳበሩት፤ ማሪዮን ሱልዝበርገርም ወደ አሜሪካ ወሰዱት። ምላሹ ዘግይቶ የሚታይበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ጊዜ ወስዷል። ካርል ላንድሽታይነርና ሜሪል ቼዝ በ1942 እንዳሳዩት፣ ይህን ተቆጪነት ከአንዱ ጊኒ ፒግ ወደ ሌላው የሚያስተላልፉት ሕዋሳት እንጂ ሴረም አይደለም።

ዛሬም የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም። የተመጠኑ ንጥረ ነገሮች በጀርባ ላይ ተለጥፈው ለ48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ከተነሡ በኋላ ቦታው ይነበባል፤ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላም ንባቡ ይደገማል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ ላይታይ ስለሚችል እብጠትንና ሽፍታን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ ይገባል። አዎንታዊ ውጤትም ብቻውን ምርመራውን አይቋጭም፤ ከሕመምተኛው ሥራና የዕለት ኑሮ ጋር መገናዘብ አለበት። የኮርቲኮስቴሮይድ ቅባት ብግነቱን ያበርዳል፤ ዘላቂው ሕክምና ግን ከመንስኤው መራቅ ነው።

የምርመራው ጥቅም ከክሊኒክ አልፎ ሕግ እስከ ማስወጣት ደርሷል። ዴንማርክ በ1990 ከቆዳ ጋር በሚነካኩ ዕቃዎች ላይ በኒኬል አጠቃቀም ገደብ ጣለች፤ ከዚያ ወዲህም በወጣት ሴቶቿ ዘንድ የኒኬል አለርጂ ቀንሷል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2005 ጀምሮ በሲሚንቶ ውስጥ የሚሟሟው ባለስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ከሚሊዮን 2 እጅ እንዳይበልጥ አግዷል።

የመመርመሪያው ንጥረ ነገር በማይገኝበት ክፍል ውስጥም ቢሆን የያዳሶን ትምህርት ይሠራል። ሐኪሙ ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት «እጅዎ ምን ይነካል?» ብሎ ሊጠይቅ፣ መልሱንም በትዕግሥት ሊያዳምጥ ይገባዋል።