ቀይ ቀበሮ አይተን የተመለስንበት ባሌ

ሮቤና ጎባ የሄደ ሰው ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ያያል፤ የወይብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር የፈለፈለውን የሶፍ ዑመር ዋሻም ይጎበኛል። እኔም ይህንኑ አይቼ ተመለስኩ፤ ስለ ጦርነቱ ግን አንድም ሰው አላነሳልኝም።

እ.ኤ.አ. በ1963 የባሌ ገበሬ ጠመንጃ ያነሳው ግብሩና የመሬት ቅየሳው አንገፍግፎት ነው። ዋቆ ጉቱ ከሰባት ዓመት ውጊያ በኋላ በ1970 እጃቸውን ሲሰጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የግራዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው። የገበሬው የመሬት ጥያቄስ? በማዕረግ አልተመለሰም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመውም በዚያው በ1970 ነው። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ፓርኩ በ2023 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሲሆን ሁላችንም አጨበጨብን፤ ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው አርሶ አደር ግን ስለ ግጦሽ መሬቱ ዛሬም ይከራከራል።