ስለ አርባ ልጆች ስደትና ስለ ዘጋቢ ፊልም

የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፥ ከእስያ አገሮች ለሥራ የመጡ ሰዎችን በከተማችን ማየት ለዓይን እንግዳ አልሆነም። እነዚህ ግን በውል የመጡ ናቸው፤ ሥራቸው ሲፈጸም የሚመለሱበት አገር አላቸው። ዳሩ ግን ቀድሞ ከእስያ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት መካከል፥ የሚመለሱበት ቤት የጠፋባቸው ነበሩ። እነርሱም አርባ ልጆች እየተባሉ የሚጠሩት አርመኖች ናቸው። በዘመናችን የወገኖቻቸውን ታሪክ በዘጋቢ ፊልም ለማቈየት የተነሣ ስላለ፥ ነገሩን ለአንባቢ ማቅረብ የተገባ መሰለን።

በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት ግዛት ይኖሩ በነበሩት አርመኖች ላይ ታላቅ እልቂት ወረደ። ከእልቂቱ የተረፉት ልጆች በየአገሩ ተበተኑ፤ ጥቂቶቹም በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ተጠግተው ይኖሩ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ልጆቹን አዩ፤ ወደዷቸውም። ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ተቀብለው ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ለተባለው መዝሙር ዜማውን ደረሰ፤ ግጥሙም የቅኔው ሊቅ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ተሰማ።

እንግዲህ ይህን በሰምና ወርቅ ብንመረምረው፥ ሰሙ የአገር ደስታ ነው፤ ወርቁ ግን ወገኑ ያለቀበት ሰው ለተጠጋበት አገር ደስታን መመኘቱ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ከአርባ ዓመት በላይ መዝሙሩን ሲዘምር ሰሙን ይዞ ወርቁን ሳያይ ኖረ። የዘጋቢ ፊልም ሥራ ይህን የተሰወረውን ወርቅ ማውጣት ነው።

አራማዝት ካላይጂያን የተባለ አርመናዊ የፊልም ሠሪ «ትዝታ» ብሎ በሰየመው ሥራው የኢትዮጵያ አርመኖችን ታሪክ ይዞ ተነሣ። የሥራውን ችግር ለመረዳት ከሌላ ፊልም ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ኢትዮጵያዊቷ ሳሌም መኩሪያ በ1983 ዓ.ም. «ስደት» በተባለው ፊልሟ በሱዳን የተጠለሉ ሦስት ሴቶችን አሳየች። ካሜራዋ ስደተኞቹን በመከራቸው መካከል ሳሉ አገኘቻቸው፤ ስለ ራሳቸውም በራሳቸው አፍ መናገር ቻሉ። ለአርባ ልጆች ግን ካሜራው ዘግይቶ ደረሰ። የቀሩት ምስክሮች አሮጌ ፎቶግራፍ፥ የዜማ ጽሑፍና የልጅ ልጆች ቃል ናቸው።

በዚህም ላይ ሁለት ፈተና አለ። ፊልሙ የቤተ መንግሥቱን ክብር ብቻ ቢያሳይ፥ ምስጋናው ኀዘኑን ይሸፍነዋል፤ ተመልካቹም እንግዳ መቀበላችንን አይቶ ራሱን ብቻ አመስግኖ ይሄዳል። እልቂቱን ብቻ ቢያሳይ ደግሞ፥ በሙዚቃ፥ በፎቶግራፍና በንግድ ይህችን አገር ያገለገሉትን ሰዎች ለዘለዓለም ለማኝ ያደርጋቸዋል። ሁለተኛውንም ስደት ሊዘነጋ አይገባውም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፥ በዚህ የተወለዱ ብዙ አርመኖች እንደ ገና ተነሥተው ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ቀድሞ ከሺህ ያልፍ የነበረው ማኅበረሰብ ዛሬ ጥቂት ቤተሰብ ሆኖ ቀርቷል። የተቀበላቸውም፥ ያስወጣቸውም አንድ አገር ነው፤ እውነተኛ ፊልም ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛል።

ይህ ነገር ለእኛም ለሐዋሳ ሰዎች ትምህርት አለው። ከተማችን ከልዩ ልዩ አገር በመጡ ሰዎች የለማች ናት፤ ዕድሜዋም ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙ አይበልጥም። ስለ አጀማመሯ የሚመሰክሩ ሽማግሎችና አሮጊቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከየት እንደ መጡ፥ ምን ጥለው እንደ መጡ፥ ማን እንደ ተቀበላቸውና ማን እንደ ገፋቸው የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ካሜራ በየወጣቱ ኪስ አለ፤ የጐደለው ተቀምጦ የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መቀበል ይገባናል።