በቫቲካን የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የምትባል አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ። ትውፊት ምሥረታዋን ወደ 5ኛው መቶ ዘመን፣ ወደ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀዳማዊ ሊዮን ዘመን ይመልሰዋል። አሮጌው ባዚሊካ ፈርሶ የዛሬው ሲታነጽ እሷ ሳትነካ ቀረች፤ በቫቲካን ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናትም ጥንታዊቷ ናት ይባላል። የፊት ገጽታዋ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ታድሷል፤ በሩ ግን የ12ኛው መቶ ዘመን የእብነ በረድ ሥራ ሲሆን፣ ከላዩ መስቀል የያዘ በግ ተቀርጾበታል።

በ15ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አራተኛ ቤተ ክርስቲያኗን ከነገዳሟ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡ። ከእነዚህ መነኮሳት ብዙዎቹ በኢየሩሳሌም በኩል ሮም የደረሱ ተሳላሚዎች ነበሩ። ስጦታው እንግዳ መቀበል ብቻ አልነበረም። ሮም ከ15ኛው መቶ ዘመኑ የፍሎረንስ ጉባኤ ጀምሮ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ከራሷ ጋር አንድ ለማድረግ ትሻ ነበር።

ያ አሳብ አልሰመረም፤ የገዳሟ ፍሬ በሌላ በኩል ታየ። የኮሎኝ ሰው ዮሐንስ ፖትከን ሐበሾቹ ሲያዜሙ ሰምቶ ተማረከ፤ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤልም ግዕዝ ተማረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ አሳተመ። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ቢሳሳትም፣ በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው።

ከዚያ የሚልቀው የአባ ተስፋ ጽዮን ሥራ ነው። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ሮም የገቡት የግራኝ ጦርነት አገሩን ባወከበት ዘመን ነበር። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በእጃቸው በነበረው ብራና አብዛኛው የሐዋርያት ሥራ ስለጎደለ ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። ፊደል ለቃሚዎቹ ግዕዝ አያነቡም፣ መነኮሳቱም ማተም አያውቁም፤ አባ ተስፋ ጽዮን ለስሕተቱ ይቅርታ ሲጠይቁ ይህንኑ ምክንያት በመጽሐፉ ላይ አስፍረዋል። በአገር ቤት መጻሕፍት ገና በእጅ ብቻ በሚጻፉበት ጊዜ የተሠራ ሥራ በመሆኑ ስሕተቱ የሚያስወቅስ አይደለም።

በ1649 ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው በዚሁ ማኅበር ውስጥ ነው። ኋላ ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለአባ ጎርጎርዮስ ትምህርት ብዙ ባለዕዳ ናቸው።

የመነኮሳቱ ቁጥር እየተመናመነ ሄደ። በ1919 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ ግቢውን የኢትዮጵያውያን ኮሌጅ አደረጉት፤ በ1930 ደግሞ ኮሌጁ በቫቲካን አትክልት ስፍራ ወደተሠራለት አዲስ ሕንፃ ተዛወረ። ቤተ ክርስቲያኗ ባዚሊካውን ለማየት የሚጎርፈው ጎብኚ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አይደለችም። ገብቶ ለማየት የበቃ ሰው ግን በዚያ ያረፉ መነኮሳትን ስም የያዙ የግዕዝ የመቃብር ጽሑፎችን ያገኛል።