የጃፓን የተራራ ጎልፍ፤ ጨዋታው፣ ውሉና ዕዳው

ጃፓን ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመው የሚታወሱን ቶዮታና ሶኒ ናቸው። ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ሁለት ሦስተኛው ያህል ደን መሆኑን ብዙም ልብ አንልም። ሜዳማው መሬት በከተማ፣ በፋብሪካና በሩዝ ማሳ ስለተያዘ ጎልፍ ወደ ጫካማው ተራራ ወጥቷል። ዛሬ በጃፓን ከ2 ሺሕ በላይ የጎልፍ ሜዳዎች ሲኖሩ፣ ብዙዎቹ ያሉት በገጠር ኮረብታዎች ላይ ነው።

አጀማመሩም ከተራራ ነው። አርተር ግሩም የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ከኮቤ ከተማ በላይ በሚገኘው የሮኮ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1901 አራት ጉድጓዶች ያሉት ሜዳ አዘጋጀ። በ1903 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ የጎልፍ ክለብ እዚያው ተመሠረተ።

በተራራ ሜዳ መጫወት የራሱ ወግ አለው። ዘጠኝ ጉድጓድ ከተጫወቱ በኋላ ምሳ ይበላል፤ ቀሪው ዘጠኝ ሲያልቅ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ መታጠብ የተለመደ ነው። የመጀመሪያ ምቱ ከክልል ወጥቶ ጫካ የገባበት ተጫዋች፣ በብዙ ሜዳዎች እንደገና ከመነሻው አይመታም። ወደፊት ከተዘጋጀለት ቦታ አራተኛ ምቱን ይቀጥላል። ቅጣቱ ግልጽ ነው፤ ጨዋታውም አይጓተትም።

የገንዘቡ ጉዳይ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በ1987 የወጣው የመዝናኛ ስፍራዎች ሕግ ለአልሚዎች የታክስ ማበረታቻና ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ስለፈቀደ፣ ደን እየተመነጠረ ብዙ ሜዳ ተሠራ። የግንባታው ገንዘብ በአብዛኛው የመጣው ከአባላት ነው። አባሉ ለክለቡ ተቀማጭ ይሰጣል፤ ክለቡ ያለወለድ ይዞ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ ይመልሳል። የአባልነት መብቱ በገበያ ከተቀማጩ በላይ እስካወጣ ድረስ ገንዘቤን መልሱ የሚል አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት ግን ዋጋው ወደቀ፤ ሁሉም ተቀማጩን ጠየቀ። ገንዘቡ ግን ተራራ ተቆርጦበት አልቋል።

ክለቦች ተራ በተራ ከሰሩ። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የድርጅቶች ማገገሚያ ሕግ ሜዳዎቹ ሳይዘጉ ዕዳቸው እንዲቀነስ መንገድ ከፈተ። አባሉ ያለ መያዣ ገንዘብ ጠያቂ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የደረሰው ከተቀማጩ ጥቂቱ ብቻ ነው። ጎልድማን ሳክስና ሎን ስታር የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ደግሞ በርካታ ሜዳዎችን ገዙ። ከተዘጉትም አንዳንዶቹ ዛሬ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሆነዋል።

ተራራውን የሰጠው የገጠር ወረዳስ? ተጫዋቹ በቀን በመደበኛው 800 የን፣ ቢበዛ 1,200 የን የጎልፍ ግብር ይከፍላል፤ ከዚህም 70 በመቶው ሜዳው ላለበት ከተማ ወይም መንደር አስተዳደር ይሰጣል። ዕድሜው 70 የሞላው ግን ከግብሩ ነፃ ነው። ተጫዋቹ እያረጀ በሄደ ቁጥር የመንደሩ ገቢ ይሳሳል ማለት ነው።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የጨዋታው አይደለም። ሕጉ አልሚውን ሲያበረታታ ተቀማጩ በምን ዋስትና እንደሚጠበቅ አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። ጫካ ለገባው ኳስ ደንብ ተበጅቶለታል፤ ለአባሉ ገንዘብ ግን ደንቡ የመጣው ከጠፋ በኋላ ነው።