“ዝጉ” የማለት ሥልጣን

የዶ/ር ሸርሊ አን ጃክሰን ፎቶ በማኅበራዊ ገጾች ይዞራል። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው “የደዋይን ቁጥር የሚያሳየውን ቴክኖሎጂ የፈለሰፉት ጥቁር ሴት” የሚል ነው። ይህ ልክ አይደለም። እኚህ ምሁር ከ1976 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ምርምር ነው። ያልሠሩትን ስንሰጣቸው የሠሩትን እንነጥቃቸዋለን። በእኛ እምነት ደግሞ ትልቁን ሥራ የሠሩት ከላቦራቶሪ ከወጡ በኋላ ነው።

ጃክሰን በ1946 በዋሽንግተን ዲሲ ተወለዱ። ኤም.አይ.ቲ. ሲገቡ ጥቁር ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ፣ ለድኅረ ምረቃ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መሄድ እየቻሉ እዚያው ቀርተው ለመታገል ወሰኑ፤ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረትንም ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። በ1973 ከዚያው ተቋም ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው።

በ1995 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የአሜሪካ ኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሊቀመንበር አደረጓቸው። ከእርሳቸው በፊት ይህን ኮሚሽን ሴትም ሆነ ጥቁር መርቶት አያውቅም። ያን ጊዜ በኮሚሽኑ ቁጥጥር ሥር ከ100 በላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሬአክተሮች ነበሩ።

ፈተናው ወዲያው መጣ። በኮነቲከት ግዛት በሚገኘው ሚልስቶን የተባለ ጣቢያ ጆርጅ ጋላቲስ የሚባል መሐንዲስ ይሠራ ነበር። ነዳጅ በሚቀየርበት ወቅት፣ በቂ ጊዜ ያልቀዘቀዘ ነዳጅ ከፈቃዱ ውጪ በጅምላ ወደ ማከማቻ ገንዳ ይገባል ሲል ለዓመታት ጮኸ። ኩባንያው ችላ አለው። የባሰው ነገር ግን የኮሚሽኑ ሠራተኞችም አሠራሩን እያወቁ ማለፋቸው ነው። ታይም መጽሔት በማርች 1996 ጉዳዩን የፊት ገጹ ታሪክ አደረገው።

ጃክሰን የመሥሪያ ቤታቸውን ስም ለማዳን ነገሩን ማድበስበስ ይችሉ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሦስቱም የሚልስቶን ሬአክተሮች ቆመው ነበርና፣ ያለ ኮሚሽነሮቹ ድምፅ አንዱም እንዳይነሣ ተወሰነ። በ1997 ኩባንያው 2.1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በዘመኑ ከዚያ የበለጠ ቅጣት አልነበረም። አንዱ ሬአክተር በ1998፣ ሌላው በ1999 ተመለሱ። የመጀመሪያው ግን እስከ መጨረሻው ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ትኩስ ነዳጅ መቀዝቀዝ እንዳለበት ለማወቅ በሚልስቶን የፊዚክስ ዶክተር አላስፈለገም፤ ሁሉም ያውቅ ነበር። ተቆጣጣሪው የወደቀው ከሚቆጣጠረው ጋር ተላምዶ ነው። ያነሣውም የአንድ ሰው እውቀት ብቻ አይደለም፦ አልፈራም ያለ መሐንዲስ፣ የጻፈ ጋዜጠኛ፣ በመጨረሻም ሥልጣኗን የተጠቀመች ሊቀመንበር ተገናኙ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ገንዳው እንደነበረ ይቀጥል ነበር።

እንግዲህ ፎቶውን ስናጋራ፣ ከሥሩ ይህን እንጻፍበት።