እሽት ያላዳነው ጉልበት

በአገራችን የእግር ኳስ ሜዳዎች ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅ ቦርሳውን አንግቶ የሚሮጠው ሰው ወጌሻ ይባላል። ስሙ ከስታዲየሙ እጅግ የቀደመ ነው። የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው፣ የወለቀ መገጣጠሚያ የሚመልሰው፣ ዞረ የተባለውን ሥር በቅቤ የሚያሸው የመንደር አዋቂ በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። የሙያው ጥበብ በጣት ላይ ነው ቢባልም ከማሸት የሚቀድም ሥራ አለ፤ እርሱም ሕመሙ የሚታሽ መሆን አለመሆኑን መለየት ነው። ይህን ጉዳይ በሐረር ከደረሰው የአርተር ራምቦ ሕመም የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነ ፈረንሳዊ ሲሆን ሐረር መጀመሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር። (በጁገል ውስጥ ዛሬ በስሙ የሚጎበኘው ቤት ግን እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው።) በ1891 መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱን በመዶሻ እንደሚመታ ያለ ሕመም ይቆረቁረው ጀመር። ምክንያቱን በፈረስ ግልቢያና በእግር ጉዞ ብዛት ላይ አሳበበ። የደም ሥሮቹ ሲወጠሩም ለዚያ የሚለበስ ረጅም ካልሲ እንዲላክለት ለእናቱ ጻፈ። እግሩ በጨርቅ ተጠቀለለ፣ ታሸ፣ በውሃ ተነከረ፤ ለውጥ አልመጣም። መራመድ ሲያቅተው አልጋውን በመስኮቱ አጠገብ አስነጥፎ ከግቢው ሚዛን ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ንግዱን ቀጠለ።

በኤፕሪል 7 ቀን ሸራ በለበሰ ቃሬዛ ላይ ተጭኖ ከሐረር ወጣ። 16 ተሸካሚዎች እያንዳንዳቸው በ15 ጠገራ ብር ተቀጥረው ወደ ዘይላ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በ12 ቀን ወሰዱት። በሁለተኛው ቀን ከቅፍለቱ ተነጥሎ ሳለ ዝናብ ያዘውና 16 ሰዓት ያለ መጠለያ ተኝቶ ተደበደበ። የቃሬዛ እንጨት የእርምጃን ንዝረት አይውጥምና ያበጠ ጉልበት በዚያ ቁልቁለት ምን እንዳየ መገመት አያዳግትም።

በሜይ 27 ቀን በማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ። ሕመሙ ነቀርሳ ነበር።

እሽቱን ገዳይ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በዘመኑ የማርሴይ ሐኪሞችም ቢሆኑ አላዳኑትም። እሽቱ የወሰደው ጊዜን ነው። ዛሬም ሯጩና ኳስ ተጫዋቹ ጉልበቱን ሲያመው መጀመሪያ የሚያሳብበው በልፋት ነውና ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2020 የታተመ የ29 ጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው እሽት የልምምድ ማግስት ሕመምን በመጠኑ ያስታግሳል፣ ሰውነትንም ጥቂት ያፍታታል፤ ፍጥነትንና ጉልበትን እንደሚጨምር ግን ማስረጃ አልተገኘለትም። በዕረፍት የማይቀንስ፣ ሌሊት የሚብስ፣ እያደር የሚያብጥ ጉልበት ደግሞ ከወጌሻው እጅ በፊት የሐኪም ምርመራና የራጅ ፎቶግራፍ ያስፈልገዋል።

ራምቦ ከቀዶ ጥገናው ጥቂት ቀናት በኋላ ለራስ መኰንን በጻፈው ደብዳቤ እግሩ መቆረጡን ገልጾ፣ ከወራት በኋላ ወደ ሐረር ተመልሶ ንግዱን እንደሚቀጥል አስታወቀ። በኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ እዚያው ማርሴይ ሞተ።